ዘበኛው ሃይሜም

ኮምፒውተሩን ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ያመጣው አይሱዙ ነው ቢባልም፣ ያመጣው የእኔ ምላስ ነው። ምላሴ ብዙ ነገር አምጥቷል፤ ባል ብቻ ነው የቀረው ትላለች እናቴ።

ሰኞ ገበያ አጠገብ ያለችው የጽሕፈት ቤታችን ሁለት ባለቤት አላት፤ ጋሽ ወርቅአፈራሁና ጋሽ የሱፍ። የሠላሳ ዓመት ወዳጆች ናቸው። ጨዋዎች ናቸው፤ ችግሩም እሱ ነው። በር ላይ ከተገናኙ "ይቅደሙ"፣ "ኧረ በአላህ እርስዎ ይቅደሙ" ሲባባሉ ደንበኛ ውጭ ዝናብ ይመታዋል። እኔ፣ ነፃነት፣ ጸሐፊያቸው ነኝ። ያኔ፣ በሰማንያ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት፣ አንድ ፊደል በመታሁ ቁጥር ሁለት በምትዘል አሮጌ ታይፕራይተር ጣቴን ስጨርስ ነበር። ኮምፒውተር ይገዛ ብዬ ስድስት ወር ነዘነዝኳቸው። በመጨረሻ ፈንታሁን የሚባል የኮምቦልቻ ነጋዴ አንድ ያገለገለ ሸጠልን። "እስከ ቅዳሜ ማታ ሞክሩት። ካልተስማማችሁ መልሱት፤ ከዚያ በኋላ ግን አላውቃችሁም" አለ።

ኮምፒውተር ማንም አላስተማረኝም። ሊያስተምረኝ የሞከረም አልተሳካለትም። ሽፋን የሌለው መጽሐፍ አገኘሁ፤ በቃ። ማሽኑ ሲነሳ መጀመሪያ የሚያነባትን ፋይል ራሴ ጻፍኩ። ሐሙስ ዕለት ባለቤቶቼን አስቀምጬ፣ የትኛው ቁልፍ ምን እንደሚሠራ ጭምር እያሳየሁ አስረዳኋቸው።

"የማሽኑ ሜሞሪ ምድር ቤትና ፎቅ ያለው ቤት ነው። ምድር ቤቱ ጠባብ ነው። የአማርኛ መጻፊያችን ትልቅ ስለሆነ ፎቅ ካልወጣ አይሠራም። ይሄ የመጀመሪያው መስመር፣ ሃይሜም የሚባለው፣ ዘበኛው ነው፤ የፎቁን በር ይከፍታል። ቀጥሎ ያለው ኢ ኤም ኤም ትልቁ እንግዳ ነው፤ አማርኛውን ይዞ ፎቅ የሚወጣው እሱ ነው። ከእሱ በታች ያለው ማውሱ ነው።"

"ሱብሃነላህ" አሉ ጋሽ የሱፍ። ጋሽ ወርቅአፈራሁ ግን ዘበኛው ላይ ዓይናቸውን ተክለው ቀሩ። ያኔ አንድ ሰው ልብ ማለት ነበረበት፤ እኔን ማለቴ አይደለም።

ቅዳሜ ጠዋት እትዬ ዙበይዳ ከሐርቡ መጡ። ልጃቸውን ሊድሩ ነው። የጥሪ ካርዱ ዛሬ ካልደረሰ፣ ዘመድ ሁሉ ሰኞ ገበያ ሲወጣ ምን ሊያድሉ ነው? ማሽኑን አስነሳሁት። አማርኛውን ስጠራው "ሜሞሪ አይበቃም" አለኝ። እንደገና አስነሳሁት። አሁንም አይበቃም።

"ትናንት ጠዋት ሲሠራ ነበር!" አልኩ።

"ብርድ ነው" አሉ ጋሽ የሱፍ። "የኮምቦልቻ ልጅ አይደል? ቆላ ለምዶ ደሴ ላይ በአንድ ጊዜ ሲያወጡት ምን ይሁን? ወላሂ ብርድ መቶታል።"

ጋሽ ወርቅአፈራሁ ጋቢያቸውን አውልቀው አለበሱት።

"ጋሼ፣ ይታፈናል! ምድጃ እኮ ነው ውስጡ!"

"አንቺ ደግሞ፤ ለታመመ ጋቢ ትነፍጊያለሽ?"

"ፌጦ በሎሚ ነው የሚያድነው" አሉ እትዬ ዙበይዳ፤ ፌጦ ሊገዙም ወጡ።

ማሽኑን በድጋሚ ሳስነሳ ቶሎ የሚያልፈውን ጽሑፍ አስቁሜ አነበብኩት። "የሜሞሪው ሥራ አስኪያጅ የለም ይላል" ብዬ ተረጎምኩ።

ሁለቱም እኩል ተቆጡ። "እንዴት የለም ይላል? ሁለታችንም ፊቱ ቆመን!"

ሃይሜምን ማለቱ እንደሆነ አውቃለሁ። ዲስኩ ውስጥ ፈለግኩት፤ ቁጭ ብሏል። ቤት ውስጥ ያለ ሰው እንዴት የለም ይባላል? ክዳኑን ፈትቼ የሜሞሪዎቹን ቺፖች አንድ በአንድ ጫንኳቸው፤ አቧራውን እፍ አልኩት፤ አስነጠሰኝ፤ "ይማርሽ" ተባልኩ፤ መልሼ ገጠምኩት። ወይ ፍንክች! ያልነካሁት ያችን የመነሻ ፋይል ብቻ ነው። እኔ የጻፍኩትን እኔ አላርምም፤ ስህተት ኖሮበት አያውቅም።

ከሰዓት በኋላ ጋሽ ወርቅአፈራሁ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ልጄ፣ የመጨረሻው አውቶቡስ ሳይሄድ ለፈንታሁን እንመልስለት። ታይፕራይተሯ አለችልሽ።" ካርቶን ሊፈልጉም አብረው ወጡ። ታይፕራይተሯ ከጥግ ስታየኝ የሳቀችብኝ መሰለኝ።

ካርቶኑን ግራና ቀኝ ይዘው ተመለሱ። በር ላይ ደረሱ።

"ይቅደሙ።"

"ኧረ እርስዎ ይቅደሙ።"

"ገብርኤልን አልቀድምም!"

ካርቶኑ በሩ ላይ ተወተፈ። እትዬ ዙበይዳ ከኋላ ፌጧቸውን በነጠላ ሸፍነው ዝናቡ እየደበደባቸው ጮኹ። "ኧረ አንዳችሁ ግቡ! የሚቀድም ከሌለ የሚከተል ከየት ይመጣል?"

ይህን ስሰማ እጄ በራሱ የመነሻ ፋይሏን ከፈታት። ኢ ኤም ኤም አንደኛ፤ ማውሱ ሁለተኛ፤ ሃይሜም ከሁሉም በታች! በሩ ሳይከፈት እንግዳው ፎቅ ሊወጣ ሲታገል የዋለው ለካ ለዚህ ነው።

"ይህን ማን ነካው?"

ካርቶኑ ወደቀ። ጋሽ የሱፍ ቆባቸውን አስተካከሉ። "ትናንት አንቺ ምሳ ስትወጪ ... ለክፉ አይደለም፣ ወላሂ። ዘበኛ ከትልቅ እንግዳ ቀድሞ መሰለፉ ነውር ነው ብለን ..."

"ባሳየሽን ቁልፍ ወደ ታች አወረድነው" አሉ ጋሽ ወርቅአፈራሁ። "ግን በክብር።"

በሠላሳ ዓመት ወዳጅነታቸው ማን ይቅደም በሚለው ጉዳይ የተስማሙት ያን ቀን ብቻ ነው፤ እሱንም ተሳስተው።

ሃይሜምን ወደ ላይ መለስኩት። ሁለቱም ፊታቸውን አጨማደዱ። "ዘበኛ? ከፊት?" አሉ። ጀርባዬን ባዞርኩ ቁጥር እንደሚያወርዱት ገባኝ። በሜሞሪ ነገር ብሟገት ሰኞም አንጨርስ። ስለዚህ ሾምኩት።

"ዘበኛ ያልኩት እንዳትደነግጡ ነው እንጂ አባጋር ነው" አልኳቸው።

አባጋር በወሎ ምን እንደሆነ ለእነሱ አይነገርም። ደመኛ የሚያስታርቅ፣ እስላሙም ክርስቲያኑም የሚነሳለት ሽማግሌ ነው።

"አስተግፊሩላህ! አባጋርን ነው በር ላይ ያቆምነው?"

"ማርያምን! ከማውስ በታች!"

ማሽኑን አስነሳሁት። ሃይሜም ገባ፤ ፎቁ ተከፈተ፤ እንግዳው ወጣ፤ አማርኛው መጣ። ፕሪንተሩ እንደ ተረገጠ ድመት እየጮኸ የመጀመሪያውን ካርድ ተፋው። እትዬ ዙበይዳ የልጃቸውን ስም በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡና እልል አሉ። ከዚያ ፌጦውን ማሽኑ ጎን አስቀመጡት። "አላልኳችሁም? ሽታው ብቻ በቃው!" ምስጋናውን ፌጦ ወሰደ፤ ማሽኑ ግን ለእኔ ቀረ። ካርቶኑ ውስጥ ታይፕራይተሯን ከተትኳት።

ከዚያ ቀን ወዲህ ጠዋት ጠዋት ማሽኑን ሳስነሳ የሃይሜም ስም ብቅ ሲል ጋሽ ወርቅአፈራሁና ጋሽ የሱፍ እኩል ብድግ ይላሉ። "ኖር!" ይላሉ። ሜሞሪውን ቆጥሮ እስኪጨርስ አይቀመጡም፤ ደንበኛውም ምን እንደሆነ ሳያውቅ አብሮ ይቆማል።

እኔ አልነሳም። የሾምኩት እኔ ነኝ።