ሃያ ሳንቲ ሜትር

ሥራዬ ቤት ማስቀመጥ ነው። መሥራት አላልኩም። የሚሠሩት ፋብሪካ ውስጥ ያሉ ሰዎች ናቸው፤ ግድግዳው፣ ክዳኑ፣ መስኮቱ፣ የመብራት ገመዱ ሳይቀር ተገጥሞ ሙሉ ቤት በሎቤድ፣ በዚያ ረጅም የጭነት መኪና፣ ተጭኖ ይመጣልኛል። እኔ መሬቱን አስተካክላለሁ፣ ብሎኬት ደርድሬ እግሮቹን አቆማለሁ፣ ክሬኑ ሲያወርደው እጄን እያወዛወዝኩ "ወደ ግራ፣ ወደ ግራ፣ በቃ!" እላለሁ። ከዚያ ቡሎኑን አጠብቃለሁ። አሥራ አራት ዓመት እንዲህ ስል ኖሬያለሁ። የሥራ ጓደኞቼ "ውሃ ልክ" ይሉኛል፤ አንድ ወለል በጣት ውፍረት ካዘመመ እንቅልፍ ስለማይወስደኝ ነው። ስሙ ደስ ይለኝ ነበር።

የባለቤቴ ወላጆች ቤት አርጅቶ ነበር። አማቴ፣ እማማ፣ ቀኝ ጎናቸው አልታዘዝ ካላቸው ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል፤ ከመኝታ ቤት ወደ ሳሎን ሦስት ደረጃ መውረድ፣ ለመጸዳጃ ደግሞ ግቢውን ማቋረጥ ነበረባቸው። ደረጃ የሌለው፣ መጸዳጃው ከውስጥ የሆነ ቤት አመጣላችኋለሁ ብዬ የተነሳሁት እኔ ነኝ። ማንም አልለመነኝም።

አባባ መጀመሪያ ሳቁብኝ። "ደሞ ቤት እንደ ሶፋ ተጭኖ ይመጣል?" አሉ። አሮጌውን ቤት በገዛ እጃቸው ነበር የሠሩት። ሥዕሉን አሳየኋቸው፣ በአንድ ቀን ገብቶ በዚያው ቀን እንደሚታደርበት ማልኩላቸው። መነጽራቸውን አውልቀው "እንግዲህ አንተ ካልክ" አሉ።

ግቢው ጠባብ ስለሆነ አዲሱ የሚያርፈው አሮጌው ቦታ ላይ ነው። ባለቤቴ "መጀመሪያ ይምጣ፣ ከዚያ ይፍረስ" ብላ ነበር። "መጥቶ የት ልታስቀምጪው ነው፣ ጭንቅላትሽ ላይ?" አልኳት። ሰኞ አፈረስነው። ሽማግሌዎቹን እኛ ጋ እንውሰዳችሁ ብንላቸው "ለሦስት ቀን ብለን አራት ፎቅ አንወጣም" ብለው ግቢው ጥግ ሸራ ወጥረው ተቀመጡ።

መንገዱን አልለካሁም እንዳትሉኝ። ለክቻለሁ። ወደ ግቢው የሚያስገባው መተላለፊያ በግራም በቀኝም ፎቅ ነው፤ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ሦስት ሜትር ከስልሳ። ጎንበስ ብዬ ቦዩን፣ ቀና ብዬ የመብራት ሽቦውን አይቻለሁ። ሥዕሉ ላይ የቤቱ ወርድ ሦስት ሜትር ከሃያ ይላል። ይገባል፤ እንዲያውም ይተርፈዋል።

ያ ቁጥር ግን የወለሉ ወርድ ነው። ክዳኑ በሁለቱም በኩል ሠላሳ ሠላሳ ሳንቲ ሜትር ከግድግዳው ይወጣል። ይህን አላውቅም ነበር? አውቃለሁ እንጂ! ግን አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ቤት ያስቀመጥኩት ሜዳ ላይ ነው፤ የትምህርት ቤት ሜዳ፣ የካምፕ ሜዳ፣ የክሊኒክ ሜዳ። እግር የማቆመው ከወለሉ ሥር ስለሆነ የወለሉን ቁጥር ብቻ ነው የምይዘው። ክዳኑ የት ደርሶ እንደሚያልቅ ጠይቆኝ የሚያውቅ ሰው የለም።

ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ሎቤዱ ደረሰ፤ ክሬኑ ከኋላው። መንገድ የመዝጋት ፈቃዳችን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነበር። አባባ ኮታቸውን ለብሰው የመተላለፊያው አፍ ላይ ቆመዋል። ቤቱን ሲያዩት አንዴ እኔን አንዴ ቤቱን እያዩ "መጋረጃ ሁሉ አለው እንዴ!" አሉ። ኮራሁ። ሾፌሩ የኋልዮሽ ማስገባት ጀመረ፤ እኔ እንደ ልማዴ እጄን አወዛውዛለሁ።

የቆርቆሮው ጠርዝ የፎቁን ግድግዳ ሲፍቀው ድምፁ ጥርሴ ሥር ገባ።

"ኧረ ውሃ ልክ፣ ነክቷል!" አለ ሾፌሩ በመስኮት ብቅ ብሎ።

"ምኑ ነው የነካው?"

"ክዳኑ ነዋ!"

ወደ ፊት አውጥቶ ዋናው መንገድ ዳር አቆመው፤ ሜትሬን ይዤ ክዳኑ ላይ ወጣሁ። ሦስት ሜትር ከሰማንያ። መተላለፊያውን እንደገና ለካሁ። ሦስት ከስልሳ። ለአራተኛ ጊዜ ስለካ ሾፌሩ "ወንድሜ፣ በመለካት እኮ አይጠብም" አለኝ። ልመታው ምንም አልቀረኝም። ምን አጠፋ?

ጠርዙን እንቁረጠው እንዳንል የክዳኑ ጠርዝ ጌጥ አይደለም፤ ጣሪያውን የተሸከመው ብረት ጫፉ እዚያ ነው፣ እዚያው ነው የሚታሰረው። እሱን ቆርጦ ሰው ማስተኛት ነውር ነው። የሚቆረጥ ቢሆን በጥርሴም እቆርጠው ነበር። ግድግዳውን እንዳናስፈርስ አጥር አይደለም፤ በግራም በቀኝም የሰው መኝታ ቤት ነው። የክሬኑ ኦፕሬተር ፎቆቹንና ሽቦውን አየና "በላይ ማሳለፍ ፊልም ላይ ነው" ብሎ ወደ ጋቢናው ተመለሰ።

ለኃላፊዬ ደወልኩ። "መልሰው" አለኝ።

"ሌላ ጠበብ ያለ አይገኝም? ሰዎቹ እኮ ቤታቸውን አፍርሰዋል።"

"አለ፣ ግን በወረፋ ነው። ከክረምቱ በኋላ እናያለን።"

"ይሄኛውስ?"

"ለሚቀጥለው ሰው ይሄዳል። ዛሬውኑ።"

ስልኩን ዘግቼ ጎማው ላይ ተቀመጥኩ። ሰው ቢጮህብኝ መልስ አላጣም ነበር፤ የሚጮህብኝ አጣሁ።

ስድስት ሰዓት ገደማ ዝናቡ ወረደ። እንደማይገባ ለአባባ ገና አልነገርኳቸውም፤ "ትንሽ ጠብቁ" ብዬ ወደ ሸራው መልሻቸው ሸሽቼ ክሬኑ ጋ ቆሜያለሁ። ዞር ስል አባባ እማማን በጎማ ወንበራቸው እየገፉ፣ ባለቤቴ ከላይ ጃንጥላ ይዛ፣ ከመተላለፊያው ወጡ።

"ሸራው ውሃ አስገባ" አሉ አባባ። "ቤታችን እዚህ ቆሞ ለምን እንበሰብሳለን?"

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ይሻለኝ ነበር። ሾፌሩ አንገቱን ደፋ። እማማን ከነወንበራቸው ለአራት አንስተን አስገባናቸው።

ሦስት ሰዓት ያህል እዚያ ቤት ውስጥ ተቀመጡ። እማማ ከታመሙ ወዲህ ንግግራቸው ዝግ ያለ ነው፤ ያን ቀን ግን አላረፉም። አልጋቸው በመስኮቱ በኩል እንዲሆን፣ ቁም ሳጥኑ በሩን እንዳይጋርድ፣ አንድ በአንድ አዘዙ። ባለቤቴ "እሺ እማዬ፣ እሺ" ትላለች፤ ዓይን ዓይኔን ታየኛለች። ገብቷታል። "ብዬህ ነበር" ብትለኝ ምናለ! አላለችም። እማማ መጸዳጃ ቤቱን ልየው ብለው ባለቤቴ ገፋቻቸው። ደረጃ የለውም። ወጥተው እንደገና ገቡ። ሳቁ። መስኮቱን የማጠብቅ መስዬ ጀርባዬን ሰጠኋቸው።

ለዘጠኝ ሩብ ጉዳይ ሲሆን አባባን ወደ ውጭ ጠራኋቸው። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ የክዳኑን፣ የወረፋውን፣ የእኔን ጥፋት። ዝናቡ አባርቶ ነበር። ክዳኑን ቀና ብለው አዩት፣ መተላለፊያውንም አዩት።

"ስንት ነው የጎደለው?"

"ሃያ ሳንቲ ሜትር።"

በእጃቸው ለኩት። ሁለት መዳፋቸውን ሃያ ሳንቲ ሜትር ያህል አራርቀው አየር ላይ ያዙ፣ ቆዩ፣ ከዚያ አወረዱ። ይሰድቡኛል ብዬ ጠበቅኩ። ተመኘሁም።

"አንተ ምን ታደርግ" አሉኝ። "ለሷ አሁን አትንገራት። ሲመሽ እኔ እነግራታለሁ።"

ወንበሩን ባለቤቴና ሾፌሩ አወረዱት፤ እማማን እኔ አዘልኳቸው። እንደዚያ ይቀላሉ ብዬ አላሰብኩም። "ለትንሽ ጊዜ ነው እማማ፣ መኪናው እስኪያስገባው" አልኩ። በሩን በአንድ እጄ ቆልፌ ወረድኩና ኩሬ እየዘለልኩ ወደ መተላለፊያው ገባሁ። እዚያ ማዶ፣ ባዶው ግቢ ውስጥ፣ የደረደርኳቸው አሥራ ሁለት የብሎኬት እግሮች ይታዩኛል። ሁሉም ልክ ናቸው።

"ልጄ" አሉኝ ጆሮዬ ሥር። "ቆለፍከው?"

"አዎ እማማ።"

"ቁልፉንስ?"

ደህናው እጃቸው በአንገቴ በኩል አልፎ ከፊቴ ተዘረጋ። ከኋላችን የሎቤዱ ሞተር ተነሳ፤ ሾፌሩ ለቁልፉ ይሁን ለሌላ እየተጣራ ነበር። ከኪሴ አውጥቼ መዳፋቸው ላይ አስቀመጥኩት። ጥብቅ አድርገው ጨበጡት። ዞር ብለው እንዳያዩ እርምጃዬን አፈጠንኩ።