ኮፈኑ እስኪቀዘቅዝ

አጎቴ አያ ላቀው "መኪና መርጬልሻለሁ" ሲለኝ፣ እኔ ምረጥልኝ አላልኩትም። ይህ ከመጀመሪያው ይታወቅልኝ።

ስድስት ዓመት ማራኪ ሰፈር የሰው ባጃጅ ነድቻለሁ። ተማሪ ከዩኒቨርሲቲው ግቢ ወደ መሃል ከተማ፣ ከመሃል ከተማ ወደ ግቢ። ከስድስቱ ዓመት ስንቱ ነዳጅ ማደያ በር ላይ እንዳለቀ እኔና ፈጣሪ እናውቃለን። ቤንዚን ሲጠፋ በውሃ ፕላስቲክ ከሚቸረችሩት በእጥፍ እገዛለሁ፤ ለባለንብረቱ ገቢ ሳስረክብ ለኔ የሚተርፈኝ የወገብ ሕመም ነው። ዘንድሮ ዕቁብ ደረሰኝ። ከቁጠባዬ ጋር ተደምሮ አንድ መኪና ይገዛል፤ አንድ ብቻ። ከተሳሳትኩ ተመልሼ የሰው ባጃጅ ላይ ነኝ፤ ሌላ ስድስት ዓመት የሚችል ወገብ ደግሞ የለኝም።

እኔ የፈለግሁት አንዲት ሴት የምትሸጣትን፣ በኤሌክትሪክ የምትሠራ ሚኒባስ ነበር። ዋጋዋ ከአሮጌ የቤንዚን ሚኒባስ ብዙም አይርቅም። አያ ላቀው ሳቀብኝ። "የስልክ ባትሪ ደግሞ ሰው ይጭናል?" አለና አምሐ ከሚባል ደላላ ጋር ስለ አንዲት የቤንዚን ሚኒባስ ተነጋግሮ፣ ቃል ሰጥቶ መጣ። አባቴም ከገጠር፣ ከትክል ድንጋይ፣ ሦስት ኩንታል ገብስ ሊሸጥ መጥቶ ስለነበር አብሮን ሄደ።

ሚኒባሷ አምሐ ግቢ ውስጥ ታጥባ፣ ጎማዋ ጥቁር ተቀብቶ ቆማለች። አምሐ ቁልፉን ሊያዞር ሲል አባቴ "ቆይ" አለው። አባቴ ስለ መኪና የሚያውቀው ነገር የለም። የሚያውቀው በሬ ነው። ሄደና መዳፉን ኮፈኑ ላይ አሳረፈ።

"ምነው ሞቀች?"

"ፀሐዩ ነው፣ አያ ክንዱ።"

"ጥላ ውስጥ እኮ ነው ያቆምሃት።"

ነገሩ ገባኝ፤ ቶሎ እንድትነሣ አምሐ ሞተሯን አስቀድሞ አሙቋታል። የበሬ ነጋዴ በገበያ ቀን ማለዳ በሬውን ጨው አስልሶ ውሃ ያጠጣዋል፤ ሆዱ ሞልቶ የደለበ እንዲመስል። አባቴ በዚህ አንዴ ተሞኝቷል። ከዚያ ወዲህ በሬ ሲገዛ ሆዱ እስኪጎድል አስሮ ይጠብቃል፣ ጠምዶም ያየዋል። እስከዚያ ብር ከኪሱ አይወጣም።

"ትቀዝቅዝ። እንጠብቃለን" አለና ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

ጠበቅን። አምሐ ሻይ አስመጣ፤ አባቴ ጠጣ፣ አልተነሣም። ዋጋ ቀነሰ፤ አልተነሣም። አያ ላቀው በኀፍረት ጋቢውን አሥር ጊዜ ያጣፋል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ አባቴ ኮፈኑን ዳሰሰና "አሁን" አለ።

አምሐ ቁልፉን አዞረ። አቃስታ ቀረች። ደገመ። በአምስተኛው ተነሣች፤ ግን ግቢውን በሰማያዊ ጭስ ሞላችውና ሁላችንም ሳልን።

"ትንሽ ጥገና ነው" አለ አያ ላቀው ወደኔ ዞሮ። "ስሚኝ እስከዳር፣ ቃል ሰጥቻለሁ። ሽማግሌ አታዋርጅ።"

"ቃሉ ያንተ ነው፣ አያ። ገንዘቡ የኔ ነው። ካማረችህ አንተ ግዛት።"

ወደ ግቢው በር ዞርኩ።

"ያችን የኤሌክትሪኳንም ቢሆን አላምናትም" አለኝ አባቴ ስንወጣ። "ትንፋሽ የላትም ይላሉ።"

"እንግዲያውስ እንደ በሬው አድርገህ ፈትናት!" አልኩት።

በማግሥቱ ጠዋት የኤሌክትሪኳን ባለቤት ሰብለ ወንጌልን አስፈቀድኩ። አባቴ ኮፈኗን ነካ፤ ቆማ ያደረች ናት፣ ቀዝቃዛ። ሦስቱን ኩንታል ገብስ ጫንን፣ ሁለቱን ሽማግሌዎች አሳፈርኩና የቁስቋምን አቀበት ያዝኩ። አያ ላቀው የፊቱን ወንበር ጨምድዶ ይዞ "አሁን ትቆማለች፣ አሁን ትቆማለች" ይላል። እውነቱን ለመናገር እኔም ፈርቼ ነበር። መታጠፊያው ላይ ፍጥነቷ ቀነስ ሲል መርገጫውን እስከ ታች ረገጥኩት።

አልቆመችም። አቀበቱ አናት ላይ ካለው ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ስንደርስ ባትሪዋ ብዙም አልጎደለም። አባቴ ወርዶ ኮፈኗን ዳሰሰ፤ ጭስ ፈልጎ ከኋላዋ ዞረ፤ አጣ።

"ሸጋ ናት" አለ። እኔም እዚያው ቆሜ ለሰብለ ወንጌል ደወልኩና "ወስጃታለሁ" አልኳት።

"መብራት የጠፋ ዕለትስ?" አለ አያ ላቀው።

"የጠፋ ዕለት ቤቴ እተኛለሁ። ማደያ በር ላይ ግን ሁለተኛ አላድርም!"

"እኔ በዚች አልመለስም" አለና በእግሩ ቁልቁል ወረደ፣ መሃል መንገዱን ይዞ። አባቴን ከጎኔ አስቀምጬ ቀስ ብዬ ተከተልኩት። መኪናዋ ድምፅ የላትምና ጀርባው ጋ ስደርስ እንኳ አልሰማኝም። ስድስት ዓመት ሙሉ፣ የሰው ንብረት እንዳይነካብኝ እያልኩ ላለፈ ላገደመው ሁሉ ዳር ስይዝ ኖሬያለሁ። ያን ቀን ክላክሱን በመዳፌ ተጫንኩት።

አያ ላቀው ጋቢውን ሰብስቦ ዘለለና መንገዱን ለቀቀልኝ።