የቃልኪዳን እንሶስላ

ስሙኝማ ወዳጆቼ፤ ለሰርግ የሚሄድ ሰው ደስ ሊለው ይገባል አይደል? ውባለም ግን ወልድያ መናኸሪያ ሚኒባሱ ላይ ከወጣችበት ጊዜ አንሥቶ አንድ ነገር አላምራት አለ። ሾፌሩ ረዲ ሳቅና ዘፈን የማይለየው የመርሳ ልጅ ነው። ገና ሲያያት ጋቢና የተቀመጠውን ጎረምሳ አስነሥቶ ቦታውን ሰጣት፤ ቴፑንም ዝም አሰኘው።

«ምነው ረዲ? ሰርገኛ ጭነህ ዘፈን ታጠፋለህ?»

«ጆሮዬን አሞኝ ነው እማማ።»

«አንተ ደግሞ ጆሮ አለህ እንዴ? አገሩን ያደነቆርከው አንተ አይደለህ?»

ተሳፋሪው ሳቀ። ረዲ አልሳቀም። ሌላ ጊዜ ቢሆን «ያሬድ ደወለ ወይ?» ሳይላት ሞተር አያስነሣም። ያሬድ አንድ ልጇ ነው። በጅቡቲ አድርጎ ባሕር ተሻግሮ ሳውዲ ሊገባ ከሐብሩ ልጆች ጋር ከወጣ ወዲህ ድምፁ ጠፍቷል። ዛሬ ረዲ ስለ ያሬድ አላነሣም። ሲሪንቃን አልፈው መርሳ እስኪገቡ ድረስ ዓይኑን ከመንገዱ አልነቀለም።

«እመብርሃን፣ ክፉ አታሳስቢኝ» ብላ አማተበች።

የምትሄደው አበልጇ አለሚቱ ቤት ነው። የአለሚቱን ልጅ ቃልኪዳንን ክርስትና ያነሣቻት እሷ ናት። ነገ እሑድ ልጅቷ ትዳራለች፤ ዛሬ እንሶስላ ትሞቃለች። የሙሽራዋን እጅና እግር በእንሶስላ የምታቀላው ውባለም እንድትሆን ሁለቱ ሴቶች የተነጋገሩት፣ ልጅቷ ገና ጡት ሳትጥል ነው።

ዳሱ ተጥሏል። ሴቶቹ ከበው ሽንኩርት ይልጣሉ። አለሚቱ ሮጣ መጥታ አቀፈቻት፤ አቅፋም አልለቅ አለች። እሷም ስለ ያሬድ አልጠየቀችም።

«እንኳን ደህና መጣሽ አበልጄ» አላት ባሏ አቶ በላይ። «ሰኞ ብቻሽን አትመለሺም። እኛ እናደርስሻለን።»

«ምነው? የወልድያ መንገድ ጠፍቶኝ ነው?»

«እንዲያው... ቄሱም እዚያ ጉዳይ አላቸው» አለና ጥሏት ወደ ዳሱ ሄደ።

ይኼኔ ሙሽራዋ ከጓዳ ብቅ አለች። እሷ ምንም አልሰማችም።

«እማ ውባለም! ያሬድ ደወለ? ሰርግሽን በስልክ ካላሳየሽኝ እጣላሻለሁ ብሎኝ ነበር እኮ!»

የሴቶቹ ቢላዋ ሁሉ ባለበት ቆመ። አንዷ «ኧረ ይኼ ሽንኩርት ፈጀኝ» ብላ በነጠላዋ ዓይኗን ሸፈነች።

«አልደወለም የኔ ልጅ። ይደውላል። ነይ ተቀመጪ፤ እንሶስላው የታለ?»

አለሚቱ ክንዷን ያዘቻት። «ተይ ውቤ፣ አንቺ አትንኪው። ሌላ ሰው ይቀባት።»

«ለምን?»

«እጅሽ ይቀላል።»

«ቢቀላስ? ሰርግ አይደል?»

«ቶሎ አይለቅም እኮ...» አለችና አለሚቱ አፏን በእጇ ያዘች።

ውባለም የአለሚቱን ዓይን አየች። በአገሩ ድግስ በደረሰበት ቤት ሞት ቢሰማ እንኳ ይደበቃል። ሰርጉ ካለፈ በኋላ ሽማግሌና ቄስ በማለዳ ሄደው መርዶ ያረዳሉ። እሷ ራሷ ከነሱ ጋር የስንት እናት ደጅ ቆማለች! እጁ በእንሶስላ ቀልቶ ለቅሶ የሚቀመጥ ደግሞ የለም።

ተነሥታ ወደ ጓሮ ሄደች። አለሚቱ ተከተለቻት።

«ማን ነው የደወለው?»

«ውቤ፣ እባክሽ...»

«ማን ነው አልኩሽ!»

«የግራናው ልጅ፣ አብሯቸው የነበረው። ጀልባዋ ተገልብጣ...» መጨረስ አቃታት። «ሰርጉ ይቅር ብዬ ነበር። ድግሱ ተደግሶ፣ ሰው ተጠርቶ...»

ውባለም ግድግዳውን ተደገፈች። ልጇ አፈር እንኳ አላገኘም። ማታ ማታ «ጠብቅልኝ» እያለች ስትለምን የኖረችው ለሞተ ልጅ ኖሯል። አሁን ምን ብላ ትጸልይ? እንደ ልማዷ «ጌታዬ» ልትል አፏን ከፈተች፤ ቃሉ አልወጣ አላት። ብትጮኽ ዳሱ ለቅሶ ቤት ይሆናል፤ ቃልኪዳንም ዕድሜ ልኳን «በለቅሶ የተዳረች» ትባላለች።

«እስከ ሰኞ አልሰማሁም» አለች በመጨረሻ። «አንቺም አልነገርሽኝም።»

ፊቷን ታጥባ ገባች። የሙሽራዋን እግር ጭኗ ላይ አስቀምጣ፣ ሁለቱንም እጇን የተወቀጠው እንሶስላ ውስጥ እስከ አንጓዋ ነከረችው።

«እማ፣ እጅሽ በረዶ ሆኗል እኮ።»

«ብርዱ ነው።»

«መርሳ ደግሞ ምን ብርድ አለ?»

«የእርጅና ብርድ ነዋ! ይልቅ እግርሽን ዘርጊ፣ አታነካኪብኝ።»

ከዳሱ በኩል እልልታ ተሰማ። ውባለም ቀና ብላ እልል አለች።

እንግዲህ ወዳጆቼ፣ ለቅሶ ስትደርሱ እጇ የቀላ እናት ብታገኙ አትሙብኝ። ለልጇ አንድ አቡነ ዘበሰማያት ድገሙለት።