የተቀባዮች ቦታ

መቀሌ የሄድሁት ያንን ባለ ሁለት ካሴት ትልቁን ቴፕ ልገዛ ነበር፤ ዘፈን ሲጀምር ቀይና አረንጓዴ መብራት ከታች ወደ ላይ የሚዘልበትን። ሥራዬ ከብት መከተብ ነው። ከሰሃላ እስከ ፃግብጂ በእግሬ ያልደረስሁበት ቀበሌ የለም፤ ስለ ላም ጉሮሮ የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ፤ ስለ ቴፕ ግን ያኔ የማውቀው መብራቱን ብቻ ነበር። ያም ሆኖ የፈለግሁበት ምክንያት ነበረኝ። ጥሩሐረግ በ1994 ለቤት ሠራተኝነት ጅዳ ከመሄዷ በፊት፣ «ስትመለሽ በሰርጋችን ዕለት ሙዚቃውን የማጫውተው እኔ ራሴ ነኝ» ብዬ ፎክሬባት ነበር።

«ሙሽራው ቴፕ ሥር ከተወሸቀ እኔ ከማን ጋር ልቀመጥ ነው?» ብላ ሳቀችብኝ።

ሁለት ዓመት ብላ ነው የሄደችው። ሁለቱ ዓመት ሲሞላ «አንድ ዓመት ልጨምር» የሚል መልእክት ላከች። መልእክቱ በመጣ በሳምንቱ መቀሌ ሄድሁ። ዕቃውን ከገዛሁት ትመጣለች ብዬ ይሆናል፤ ሰው ሲናፍቅ ሞኝ ነው።

ባለ ሱቁ ሽማግሌ ቢጤ ነበር። ከሰቆጣ ለሰርግ ዕቃ መምጣቴን ነገርሁት። መብራቱ ላይ አፍጥጬ ስቀር አየኝና፣ «ዓርከይ፣ ወዳጄ፣ ሰቆጣ ቀን ቀን መብራት አለ?» አለኝ።

«የለም፤ ከመሸ በኋላ ነው የሚሰጡን።»

«ሰርጉስ መቼ ነው?»

«ቀን።»

«እና ይሄንን ገዝተህ ማታ ማታ ለብቻህ ልትሞሸር ነው?»

ተናደድሁ። የሚያናድደኝ ሰው ትክክል ሲሆን ደግሞ ይብስብኛል። እሱ ግን ከጀርባው አቧራ የጠጡ ሁለት የመኪና ቴፖች አወጣ። «እኒህ በመኪና ባትሪ ይሠራሉ፤ ባትሪ ደግሞ በበቅሎም ይጫናል» አለ። ብልጭ የሚል ነገር የላቸውም። አንደኛው እንዲያውም ካሴት ሲተፋ ያስነጥሳል። ሁለቱን በማዳበሪያ ጠቅልዬ ኮረም ላይ መኪና ቀይሬ ሰቆጣ ገባሁ።

የሬዲዮ ጠጋኙ ኪዳኑ የጣውላ ሣጥን ሠራልኝ። ሁለቱን ቴፕ ጎን ለጎን አስገባ፤ ለእያንዳንዳቸው ድምፅ መጨመሪያና መቀነሻ ቁልፍ ፊት ለፊት አወጣላቸው፤ በጎን በኩል የጆሮ ማዳመጫ መሰኪያ ቀዳዳ ተወ። ማዳመጫውን የላከችልኝ ጥሩሐረግ ናት። «ምን ልላክልህ?» ስትለኝ ጫማም ሽቶም አላልሁ። ትልቅ ነው፤ ጥቁር፤ ጆሮን ድፍን አድርጎ የሚይዝ። ከጅዳ በተመለሰች ልጅ እጅ ሲደርሰኝ ሣጥኑ ገና አላለቀም ነበር፤ ከምንም ሳልሰካ አድርጌው ተቀመጥሁ።

ዲጄነት እንዲህ ነው፦ አንዱ ዘፈን ለሕዝቡ ሲጫወት ቀጣዩን በማዳመጫው ለብቻህ ትሰማለህ፤ ምቱ ከምቱ ሲገጥም አንዱን ቁልፍ ዝቅ፣ ሌላውን ከፍ ታደርጋለህ። ሲያወሩት ቀላል ነው። የኔ ሁለት ቴፖች ግን ቀንበር ላይ እንደተጣሉ በሬዎች ነበሩ፤ አንዱ ይሮጣል፣ አንዱ ይጎተታል። ኪዳኑ ሞተራቸው ጀርባ ላይ ያለችውን ትንሽ ቀዳዳ አሳየኝ። ቀጭን መፍቻ አስገብተህ በውስጧ ያለችውን ብሎን ወደ ቀኝ ስታዞር ይፈጥናል፤ ወደ ግራ ስታዞር ያዘግማል። ፀጉር የምታህል ካሳለፍሃት ዘፋኙ ወይ ሕፃን ይሆናል ወይ ይታመማል። የ1996ን ክረምት በሙሉ እዚያች ብሎን ላይ አለቅሁ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና፣ ከተማው «ሁለት ቴፕ» የሚል ስም እንዳወጣልኝ የሰማሁት ከሁሉም በኋላ ነው።

በዚያ ክረምት አምርሬ የጠላሁት ነገር ቢኖር ዝምታ ነው። በሁለት ዘፈን መካከል ዝም ካለ ጨፋሪው ላቡን ይጠርጋል፤ ወንበር ይፈልጋል፤ ሰርጉ ይወድቃል። በኔ እጅ ዝምታ አይኖርም ብዬ ማልሁ። እውነቱን ለመናገር በዝምታ ጊዜ የማስበው ሌላ ነገር ነበር፤ እሱን ሸሽቼም ሊሆን ይችላል።

በ1997 ጥር ላይ የጥሩሐረግ ወንድም ትእዛዙ ሊያገባ ሆነ። እናታቸው ወይዘሮ ጸሐይነሽ የመሪጌታ ገብረ ኪዳን ሚስት ነበሩ፤ መሪጌታ ካረፉ ቆይተዋል። አስጠሩኝና ከነጠላቸው ጫፍ አንድ ካሴት ፈትተው ሰጡኝ።

«ጥሩዬ ልካዋለች» አሉ። «በኛ ቤት ወንድም ሙሽሪትን ሊያመጣ ሲነሣ፣ ዳስ ውስጥ ዘፈን የምታወጣለት እህቱ ናት። ሌላ እህት የለውም። በዚያ በመኪና ቴፕህ አስገባልኝ።»

«እርስዎ ሰምተውታል?»

«አንተ ስማው» አሉ። ቤታቸው ቴፕ እንደሌለ ስለማውቅ አልሰሙትም ብዬ ወሰንሁ።

ቤቴ ገብቼ በሬን ዘግቼ ሰማሁት። በስተጀርባ ውኃ ይወርዳል፤ መታጠቢያ ክፍል ተደብቃ ነው የቀዳችው። የቀዳችበት ቴፕ ባትሪው ደክሞ ኖሮ ድምፅዋ ቀጥኖ፣ ፈጥኖ፣ የሰባት ዓመት ልጅ ድምፅ ሆኖ መጣ። መፍቻዬን አንሥቼ ብሎኗን በትንሽ በትንሹ ወደ ግራ አዞርሁ። ልኩ የት እንደሆነ የሚነግረኝ ሰው አልነበረም፤ በትዝታዬ ነው የፈለግሁት። አንድ ቦታ ላይ ስደርስ እሷ ሆነች። እጄን ከብሎኗ ላይ አነሣሁና አለቀስሁ፤ አላፍርበትም።

የናቴ ልጅ ወንድም ሚዜህን እዘዘው፣
የኔን ድርሻ ጠላ ለናታችን ይስጠው።

እንዲህ ትልና ዝም ትላለች። ረጅም ዝምታ ነው። ከዚያ ሌላ ስንኝ፤ አንዳንዱ በአማርኛ፣ አንዳንዱ በአገራችን ቋንቋ በኽምጣና፤ ደግሞ ዝምታ። ለኔ የሚሆን አንድ ቃል ይኖር ይሆን ብዬ ሁለቱንም ገጽ እስከ መጨረሻው ሰማሁ። የለም። ከፋኝ፤ ንዴትም ጨመርሁበት፤ በዚያው ንዴት ሥራ ጀመርሁ። ዝምታዎቹን አንድ በአንድ ዘልዬ ስንኞቹን በኪዳኑ መቅጃ ወደ ሌላ ካሴት ገለበጥኋቸው፤ ከበሮ ያለበት ዘፈን ከሥር አስገባሁ። አንድም ክፍተት የለው። ከሠራሁት ሁሉ ይሄ ይበልጣል ብዬ ሣጥኔን ተሸክሜ ወይዘሮ ጸሐይነሽ ቤት ሄድሁ።

ሰሙት። ስንኙ ባለቀ ቁጥር አፋቸውን ከፈት ያደርጋሉ፤ ቀጣዩ ስንኝ ይቀድማቸዋል፤ ይዘጋሉ። ሦስቴ እንዲህ ሆኑ።

«እኛስ?» አሉ በመጨረሻ።

«ምን እማማ?»

«እኛ የት ገባን? ልጄ አውጥታ ዝም የምትለው እኛ እንድንቀበላት ነው። የተወችልንን ቦታ ምን አደረግኸው?»

ከብት ስከትብ በሬ ጥሎኝ ሰው ሲስቅብኝ እንኳ እንደዚያ ዕለት አላፈርሁም። የመሪጌታ ሰፈር ልጅ ሆኜ፣ አውጪና ተቀባይ ሳይ አድጌ፣ አንድ ክረምት ከሁለት ቴፕ ጋር ስለዋልሁ የተቀባይ ቦታ ጉድለት መሰለኝ። የመጀመሪያው ካሴት አለመጥፋቱ በጀ።

ተመልሼ ዝምታዎቹን መማር ጀመርሁ። ስንት ጭብጨባ እንደሚይዙ ለማወቅ ማዳመጫውን አድርጌ ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፈትሁት። ለካ ባዶ አይደሉም። ጭኗን እየመታች ትቆጥራለች፤ በለሆሳስ ራሷ ትቀበላለች። ስምንት ጭብጨባ ሞልታ ነው ቀጣዩን የምታወጣው። ብቻዋን ቆማ የሰቆጣን ሴቶች ትጠብቃለች ማለት ነው። እኔ ደግሞ ያንን ቆርጬ ጥያለሁ።

አምስተኛው ዝምታ ላይ፣ ያለ ማዳመጫ ስሰማ በውኃው ተውጦ ያመለጠኝን የሌላ ሴት ድምፅ ሰማሁ። ከበር ውጭ ናት።

«ያ ሐሊማ!»

ጥሩሐረግ አልመለሰችም። ጭኗን መምታት አላቋረጠችም፤ ስምንቱን ሞልታ ስድስተኛውን ስንኝ አወጣች። እሱ እንዳለቀ በሩ ተንኳኳ። «ሐሊማ!» ብሎ ያው ድምፅ ጮኸ።

«ነዓም!» ብላ በዓረብኛ አቤት አለች ጥሩሐረግ፣ ከቴፑ ራቅ ብላ፤ ካሴቱም ቀጭ ብሎ ቆመ።

ወረቀት እንዲያልቅላቸው ስማቸውን በሙስሊም ስም ለውጠው የሚሄዱ ልጆች እንዳሉ አውቃለሁ፤ የማያውቅ የለም። ማወቅና መስማት ግን ለየቅል ናቸው። እኔ ስጠራት ሁለት ሦስቴ ካላስለፈለፈችኝ አትመልስልኝም ነበር፤ ያንን ግን በአንድ ትንፋሽ መለሰችው። አንድ ዓመት ልጨምር ያለችው ማን እንደሆነች ግራ ገባኝ። ትመጣለች ብዬ የምጠብቃት ልጅ እዚያው እያለቀች መሰለኝ።

ከዚያ እናቷ ትዝ አሉኝ። ጥሩሐረግን ወለተ ገብርኤል ብለው ክርስትና ያስነሡ የመሪጌታ ሚስት፣ በወንድ ልጃቸው ሰርግ፣ በትልቁ ሞንታርቦ፣ በጎረቤትና በካህናቱ ፊት ይሄንን ሊሰሙ ነው። የተቀባዮች ቦታ እንዳይነካ ብለዋል። እንግዲህ ያለኝ ምርጫ አንድ ብቻ ነው፤ አምስተኛው ዝምታ ላይ ቁልፉን ዝቅ አድርጌ ስሙን መዋጥ፣ በስምንተኛው ጭብጨባ ደግሞ ስድስተኛው ስንኝ ሳይቆረጥ ከፍ ማድረግ፤ መጨረሻው ላይ ከበሩ መንኳኳት በፊት መዝጋት። ሳምንቱን ሙሉ ተለማመድሁት። ብዙውን ጊዜ ወይ ስሙ ያመልጠኛል ወይ ስንኙ አንገቱ ተቆርጦ ይወጣል።

የሰርጉ ዕለት ጠዋት ሣጥኔን ዳሱ ጥግ ጠረጴዛ ላይ አደረግሁት። ትእዛዙ ካባውን ለብሶ በሚዜዎቹ መካከል ቆመ። ሴቶቹ ከበሮ ይዘው ተኮለኮሉ። ካሴቱን ለቀቅሁት።

የመጀመሪያው ስንኝ ሲወጣ ዳሱ ጸጥ አለ። ዝምታው መጣ፤ ሴቶቹ ተቀበሏት። እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼ አላውቅም። ስምንት ጭብጨባ ሞልተው ባበቁባት ቅጽበት፣ ከጅዳ መታጠቢያ ቤት ሁለተኛውን አወጣችላቸው። ትእዛዙ ካባውን ፊቱ ላይ ጎተተ። ሴቶቹ ስሜት ሲገባቸው እያዘገሙ መጡ፤ እሷም እንድትጠብቃቸው ብሎኗን ወደ ግራ ነካ አደረግሁላት። ድምፅዋ ትንሽ ወፈረ፤ ማንም አላወቀም። አምስተኛው ላይ ቁልፉን ዝቅ አደረግሁ፤ በማዳመጫዬ ስሙ ሲጠራ ሰማሁት፤ በዳሱ ውስጥ ሴቶቹ ብቻ ነበሩ። ስድስት፣ ሰባት፣ ስምንት፤ ከፍ አደረግሁ። ስንኟ ሙሉ ሆኖ ወጣ። መጨረሻውን ዘጋሁት።

ሴቶቹ ግን አላቆሙም። አውጪያቸው እስክትመለስ መቀበሉን ደጋገሙት፤ ሦስቴ፣ አራቴ። ከዚያ እልልታው ተነሣ፤ «ትደገም! ትደገም!» ሆነ። የተለማመድሁት ለአንድ ጊዜ ነበር። ዓይኔ እንባ ሞልቶ ቁልፉ አይታየኝም። ካሴቱን መልሼ እንደ ምንም ለቀቅሁት።

በመካከሉ ወይዘሮ ጸሐይነሽ ከሴቶቹ ተነጥለው ጠረጴዛዬ አጠገብ ቆሙ። ያጨበጭባሉ፤ ይቀበላሉ። አምስተኛው ስንኝ ሲያልቅ እጄን ላነሣ ስል የሳቸው እጅ ቀደመኝ። በሁለት ጣታቸው ቁልፉን ይዘው ዝቅ አደረጉት። ከንፈራቸው ይቆጥር ነበር። ስምንት ሲሞላ መልሰው ከፍ አደረጉት። ስድስተኛው ስንኝ እንከን ሳይነካው ወጣ። መጨረሻውንም ከበሩ መንኳኳት በፊት የዘጉት እሳቸው ናቸው።

ወደ ጆሯቸው ጠጋ አልሁ። «መቼ ሰሙት?»

«ጎረቤቴ ሐሊማ ቤት፤ ላንተ ሳልሰጥህ በፊት። ሰባት ጊዜ።»

«እኔ እኮ እርስዎ እንዳይሰሙት ብዬ ነው ሳምንቱን ሙሉ…»

«ከኔ ነው የምትደብቀው?» አሉ፤ ዓይናቸውን ከትእዛዙ ላይ ሳይነቅሉ። «ደላላው ስም አምጡ ሲል እሷ አልቅሳ ዝም አለች። ስሙን ያወጣሁላት እኔ ነኝ። ከማላውቀው ስም ይሻላል ብዬ የጎረቤቴን ሰጠኋት። ወንድሟ አያውቅም፤ ዛሬ አይስማብኝ።»

ሴቶቹ አሁንም እየተቀበሉ ነበር፤ ከኋላ ደግሞ አንዲት አሮጊት «ምነው ልጅቱን አቋረጥሃት!» ብላ ተቆጣችኝ።

ወይዘሮ ጸሐይነሽ ነጠላቸውን ወደ ኋላ ጣል አደረጉ።

«በል ድገማት» አሉኝ። «ቁልፉን እኔ እይዛለሁ።»