እስከ ፋብሪካው በር

ኡምሀኒ ዘላ ኳሷን መታችና ስታርፍ ቀኝ ጉልበቷ ወደ ውስጥ ከዳት። እንዳትወድቅ መረቡን ያዘች።

"ነካች! መረብ ነካች!" ዳሲቱ ከመረቡ ማዶ ጮኸች። ዳኛው ፊሽካውን ነፋና ነጥቡን ለማቅለሚያ ክፍል ሰጠ። እኩል ሆኑ።

የሽመና ክፍልና የማቅለሚያ ክፍል ሴቶች በየዓመቱ በሜይ ዴይ ሰሞን አቃቂ ሜዳ ላይ መረብ ኳስ ይጋጠማሉ። ዋንጫ የለም። ከዋንጫ የሚብስ ነገር ግን አለ፤ የተሸነፈው ቡድን አምበል የአሸናፊውን አምበል አዝላ ከሜዳው እስከ ፋብሪካው በር ታደርሳለች። ሕጉን ማን እንዳወጣው የሚያውቅ የለም፤ ቢሆንም ከሠራተኛ ማኅበሩ ደንብ በላይ ይከበራል።

አምና ያዘለችው የሽመና ክፍል አምበል ኡምሀኒ ነበረች። የማቅለሚያ ክፍል አምበል ዳሲቱ ደግሞ ደልደል ያለች ሴት ናት። ሰገነት ላይ እንደወጣ የክብር እንግዳ ግራና ቀኝ እጇን እያውለበለበች ነው መንገዱን የጨረሰችው። ከዚያ ወዲያ በምሳ ሰልፍ ላይ ባገኘቻት ቁጥር "በቅሎዬ፣ እንዴት አደርሽ?" እያለች ከረመች። ኡምሀኒ ሰው ፊት ትስቃለች፤ ቤቷ ስትገባ ግን ትበግናለች። ዘንድሮ ዳሲቱ ጀርባ ላይ ካልወጣች እንቅልፍ የላትም።

የጉልበቷ ጣጣ የመጣው ጠዋት ነው። ቀበሌው ለልማት ዘመቻ ጠርቷቸው ከወንዙ ዳር ድንጋይ ሲያግዙ አረፈዱ። ልብ ያለው ሰው ከግጥሚያ በፊት ራሱን ይቆጥባል። ሁለቱ አምበሎች ግን አንዷ የሌላዋን ድንጋይ እያየች ትልልቁን ሲመርጡ፣ ዳገቱን እየተሽቀዳደሙ ሲወጡ ነበር። የዘመቻው ኃላፊ "ጓዶች፣ ምሳሌ ናችሁ!" ብሎ ሲያጨበጭብላቸውማ ጭራሽ ባሰባቸው። አሁን ሁለቱም ዋጋቸውን እያገኙ ነው።

የሽመና መኪና መካኒኩ ጋሽ ታደሰ የቡድኑ አሠልጣኝም ናቸው። እረፍት ጠይቀው ኡምሀኒን ወደ ዳር ጎተቷት።

"እግርሽን ምን ነካው?"

"ምንም አልሆንኩም ጋሼ፣ ወላሂ!"

"አይቼሻለሁ። አዘላለልሽ ደህና ነው፣ ጉዱ ስታርፊ ነው። የደከመ እግር ሰው አይሰማም። ጉልበትሽ ወደ ውስጥ እየታጠፈ ነው፤ አንዴ ከዞረ ዓመቱን ሙሉ ታነክሻለሽ።"

"ካልዘለልኩ በምን ላሸንፋት?"

"እሱን አንቺ ታውቂያለሽ። እኔ እግርሽን ከመሬት አታንሺ ነው ያልኩት።"

ከሜዳው ጠርዝ እናቷ ወይዘሮ አዚዛ ጃንጥላቸውን አወዛወዙ። እዚያው አቃቂ፣ በሰቃ በሚባለው ገበያ በርበሬ ይሸጣሉ።

"አንቺ ልጅ! ዘንድሮም ልታዝያት ነው? ሱቄን ዘግቼ የመጣሁት ስትታዘይ ላይሽ ነው እኮ!"

"እሺ እማ፣ ትንሽ ታገሽኝ!"

ጨዋታው ቀጠለ። ኡምሀኒ መዝለሉን ስትተው ዓይኗ ሥራ አገኘና የዳሲቱን እግር ማየት ጀመረች። ዳሲቱ በዘለለች ቁጥር መሬት ላይ ዱብ ትላለች፤ ከዚያ ለመዞር ጊዜ ይፈጅባታል። "ድንጋዩ እሷንም አልማራትም" አለች በልቧ፣ ደስም አላት።

የሽመና ክፍል እየመራ አንድ ነጥብ ሲቀረው ኳሷ ከፍ ብላ መጣችላት። ሜዳው ሁሉ "ዝለይ!" አላት። እጇን እንደሚመታ ሰው ወደ ኋላ ስትስብ ዳሲቱ ልትመልስ ዘለለች። ኡምሀኒ ግን እግሯን ሳታነሳ ኳሷን በጣቶቿ ጫፍ በዳሲቱ ጎን በኩል ገፋ አደረገቻት። ዳሲቱ አረፈች፤ ልትዞር ስትል እግሮቿ እምቢ አሏትና አቧራው ላይ ቁጭ አለች። ኳሷ አጠገቧ አረፈች።

ሜዳው በእልልታ ተናጋ። የሽመና ክፍል ሴቶች እየጨፈሩ ኡምሀኒን ከበቧት። እሷ ግን ማንንም ሳታቅፍ በቀጥታ ወደ ዳሲቱ ሄደች።

"ጎንበስ በይ፣ በቅሎዬ!"

"እንዳልጥልሽ ብቻ አጥብቀሽ ያዥኝ" አለች ዳሲቱ እየሳቀች፣ አዝላትም ተነሳች።

ኡምሀኒ የዓመት ሕልሟ ላይ ተቀመጠች። እጇን አውለበለበች፣ በመንገዱ ዳር ለቆሙት የእናቷ ጓደኞች፣ ለበርበሬ ነጋዴዎቹ፣ ሰላምታ ሰጠች። እናቷ ጃንጥላቸውን እንደ ባንዲራ ይዘው ከፊት ከፊት ይሄዳሉ። እንዲህ ደስ ብሏት አያውቅም።

የፋብሪካው በር ሲታይ ግን ከሥሯ የሆነ ነገር ተሰማት። የዳሲቱ ጉልበት በየእርምጃው ወደ ውስጥ እየታጠፈ ነው። ስሜቱን ታውቀዋለች፣ ቅድም የራሷ ነበር።

"ዳሲቱ፣ ጉልበትሽ..."

"ምንም አልሆንኩም! አደርሳለሁ ብያለሁ፣ አደርሳለሁ!"

በሩ ቅርብ ነው። ዘበኞቹ ሳይቀሩ ወጥተው ይጠብቃሉ። ኡምሀኒ በሩን አየች፣ የሚንቀጠቀጠውን እግር አየች፣ ተንሸራታም ወረደች።

"ምነው?" ዳሲቱ ተቆጣች።

"በቅሎም ሲደክማት ይወረድላታል። አምና አንቺ ይህን ረስተሽ ነበር።"

ዳሲቱ ለአፍታ አፈጠጠችባትና ሳቋ አመለጣት። ወይዘሮ አዚዛ ዞር ብለው ሁለቱን በእግራቸው ሲያዩ ጮኹ።

"ምነው ልጄ! ደጁ ላይ ደርሰሽ?"

የራሷም ጉልበት ገና ስላልበረታ ኡምሀኒ የዳሲቱን ክንድ ያዘች፤ እየተደጋገፉም በሩን አብረው አለፉ።