የቀለበት ጣት

ቀለበቱ የተደረገው በማይሆን ጣት ላይ ነበር። ኧርሊን ይህ ትዝ ያላት ልጇን ቀብራ ከተመለሰች በኋላ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ሴቶች የተጠበሰ ዶሮና ጎመን ሲያድሉ ነው። ሳህኑን እንደያዘች ደርቃ ቀረች።

ላቫር በሬሳ ሳጥኑ ውስጥ ተኝቶ፣ ቡድኑ ዋንጫ ሲያነሳ ለየተጫዋቹ የተሸለመው ቀለበት በቀለበት ጣቱ ላይ ያበራ ነበር። ያ ጣት ግን በአሜሪካ እግር ኳስ ሜዳ ደጋግሞ ተሰብሮ አንጓው እንዳበጠ ቀርቷል። ቀለበቱ አላልፍ ስላለው በትንሿ ጣቱ ነበር የሚያደርገው።

«የእሱ አይደለም» አለች።

«ምኑ?» አለቻት የቤተ ክርስቲያን እህቷ፣ ጎረቤቷ ኦፓል።

«ቀለበቱ። የሆነ ሌባ ቀይሮታል።»

ኦፓል ድምጿን ዝቅ አደረገች። «መናገር አልፈለግሁም እንጂ ያ ግንድ የሚያክለው ጓደኛው፣ ሮስኮ፣ ‹አንዴ ብቻችንን ተዉን› ብሎ ሰው አስወጥቶ የለ? በበሩ ስንጥቅ ሳይ እጁን ሳጥኑ ውስጥ ከትቶ ይታገላል።»

«ታግሎ አወለቀዋ! ጠርጥሬ ነበር።»

«አንቺ ደግሞ የማትጠረጥሪው አለ? እስቲ ቀስ በይ።»

ሮስኮ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ይበላል። ወንበሩ ከሥሩ ያቃስታል። እሱና ላቫር በአንድ ቡድን ጎን ለጎን ተሰልፈው፣ ኳስ ወርዋሪውን በደረታቸው ሲከልሉ ኖረዋል። በእነሱ ቦታ የሚሰለፍ ተጫዋች ስሙ የሚጠራው ሲያጠፋ ብቻ ነው። ኧርሊን በየጨዋታው ዓይኗን በመዳፏ ሸፍና፣ ‹አሁን ሳይነሳ ይቀራል› እያለች ትጠብቅ ነበር። ሁልጊዜም ተነሳ። የወደቀው ጫማውን ከሰቀለ በኋላ፣ እዚሁ ሚሲሲፒ፣ እናቱ ቤት ነው፤ ጭንቅላቱ ሜዳ ላይ የተቀበለው ምት ተጠራቅሞ አእምሮውን አሳተው። ጫማውን ማቀዝቀዣ ውስጥ አስቀምጦ ይፈልገዋል። ንጋት ላይ «ልምምድ ረፈደብኝ» ብሎ ይወጣል። አንድ ቀን አውራ ጎዳናው መሀል ሲያገኙት፣ ኧርሊን ከበሩ ግርጌ፣ ወለሉ አጠገብ መቀርቀሪያ አስመታች። ጉልበቱ አልታጠፍ ብሎት ነበርና አይደርስበትም። ሜዳ ላይ ጎንበስ ብሎ እንጀራውን ያገኘ ሰው ማጎንበስ አቅቶት ቀረ።

እንግዶቹ ሲበታተኑ ፊቱ ሄዳ ቆመች።

«ሮስኮ፣ የልጄን ቀለበት የት አደረስከው?»

አፉን ጠረገ። «እኔም አላውቅም እማማ። ላቫርም አያውቅም። በኅዳሩ የምስጋና በዓል ሰሞን የሆነ ቦታ ደብቆት ጠፋበት።»

«ታዲያ ዛሬ የቀበርነው?»

እጁን ዘረጋላት። በወፍራም ጣቱ ላይ የቀለበት ቦታ ነጥቶ ይታያል። «የኔ ነው። የኔ ሰፊ ስለሆነ አንጓውን በግድ አለፈ።»

«ለምን አልነገርከኝም ታዲያ?»

ወለሉን አየ። «የጠፋበት ቀን ደወለልኝ። ‹እናቴ ሰረቀችኝ› አለኝ። ‹ከእሷ እጅ አልበላም› አለ።»

ኧርሊን ያን ሰሞን አስታወሰች። ሳህኑን ገፍቶ ግድግዳ ግድግዳ ሲያይ፣ ሆዱን አመመው ብላ ሾርባ ሠርታለታለች።

«‹እኔ ነኝ የወሰድኩት፣ እሷን ተዋት› አልኩት። በማግስቱ በላ አይደል?»

«በላ» አለች።

«ከዚያ ወዲህ በየቀኑ እየደወለ ሌባ ይለኛል። ዛሬ ደግሞ እርስዎ!» ሊስቅ ሞከረና አልሆነለትም። «እናትና ልጅ አንድ አፍ ናችሁ። ‹መቼ ነው የምትመልስልኝ?› ነበር የሚለኝ። እንግዲህ መለስኩለት።»

ኧርሊን የነጣውን ጣት በሁለት እጇ ይዛ ቆየች። ከዚያ ወጥ ቤት ገብታ የተረፈውን ኬክ ሙሉውን ጠቅልላ አስያዘችው።

«ነገ መጥተህ ብላ» አለችው። «ካልመጣህ አንድ ነገር ሆነሃል ብዬ ነው የማድረው።»

የመኪናው መብራት ከመንገዱ ሲጠፋ በሩን ዘጋች። ላዩን በቁልፍ ቆለፈች። እንደ ልማዷ ወደ ግርጌው መቀርቀሪያ ጎንበስ አለች። ጣቶቿ ብረቱ ላይ ቆዩ። ሳትገፋው ቀና አለች።