የታችኛው አልጋ

የመስታወት ቤቱ ሠራተኞች «ባህታዊው» ይሉታል፤ ምሳውን ብቻውን ስለሚበላና መስታወት እየቆረጠ በሐሳብ ስለሚነጉድ። አንድ ደንበኛ ፍሬም ሊያሠራ ያመጣውን የኮረብታ ፎቶግራፍ ካየ ወዲህ ደግሞ ጭራሽ ባሰበት። በመጨረሻ ፈቃድ ወስዶ፣ አዲስ ጫማ ገዝቶ፣ ወደዚያ ኮረብታ በሚሄደው የሌሊት ባቡር የታችኛውን አልጋ ያዘ። መስኮቱ ከትራሱ እኩል ነው። ጎህ ሲቀድ ኮረብታዎቹ ብቅ ብቅ ሲሉ ጋደም ብሎ ማየት ነበር ምኞቱ ሁሉ።

ባቡሩ ሊነሳ ሲል፣ ብስኩት አፉ ውስጥ ከትቶ ሳለ፣ ከኮሪደሩ የከዘራ ድምፅ ሰማ።

«እማማ፣ የእርስዎ የላይኛው ነው» አለ ትኬት ተቆጣጣሪው።

«የላይኛው? በዚህ ጉልበቴ? እኔ ድመት ነኝ እንዴ?»

ባህታዊው ዐይኑን ጨፈነ። አስቦበት አይደለም፤ ብስኩቱን እንኳ አልዋጠም።

«ይሄ ጎረምሳ ይቀይርዎታል። ወንድሜ! አንተ ወንድሜ!»

እንደተኛ ሰው በረጅሙ ተነፈሰ።

«አውቆ የተኛን ቢቀሰቅሱት አይሰማም» አለ ተቆጣጣሪው ጮክ ብሎ።

«ተው እንጂ፣ ደክሞት ይሆናል። የሰው ልጅ አይደል? እኔ እዚችው አረፍ እላለሁ።»

እዚችው ያሏት በሩ አፍ ላይ ያለችውን ተጣጣፊ ወንበር ነው። በሩም ክፍት ቀረ። ማኘክ የለ፣ መገላበጥ የለ፤ ብስኩቱ ጉንጩ ውስጥ ቀስ እያለ ሟሟ። ባቡሩ በተንገጫገጨ ቁጥር አሮጊቷ «ወይ ጉልበቴ» ይላሉ። አሁን ልነሳ፣ አሁን ልነሳ ይላል። በቆየ ቁጥር ደግሞ መነሳቱ ይብስ አሳፋሪ ሆነበት። እስካሁን የት ነበርክ ቢባል ምን ሊል ነው?

ሳያሸልበው ነጋ። በተከደነው ዐይኑ ላይ ብርሃን ቀላ። ኮረብታዎቹ ትራሱ አጠገብ ናቸው፤ ዐይኑን ቢገልጥ ግን ሴትዮዋ ያዩታል።

«አቤት! አቤት ውበት!» አሉ አሮጊቷ። ከዚያ ከዘራው ቀረበ፤ እጃቸው ትከሻውን ነካ አደረገው። «ልጄ፣ ተነስ። ይሄ አዲስ ጫማ ለኮረብታው አይደል? እንዳያመልጥህ ብዬ ነው።»

ተንጠራራ። አዛጋም። ማዛጋቱ ለራሱ አስጠላው።

«ደህና አደሩ፣ እማማ? በጣም ደክሞኝ ...»

«ይመስገን። ብስኩቱን ዋጥከው?»

ፊቱ እሳት ሆነ። ኮረብታው በመስኮቱ ሲያልፍ እሱ የሚያየው የጫማውን ክር ነበር።

ጣቢያው ላይ ሻንጣቸውን ነጥቆ ተሸከመላቸው። ልትቀበላቸው የመጣችው ልጃቸው «ተባረክ! እማዬ፣ ከእንዲህ ያለ ጨዋ ልጅ ጋር ነው ያደርሽው?» አለች። አሮጊቷ ፈገግ ብለው አዩት። ቢሰድቡት ይሻለው ነበር።

«ተኝቼ አልነበረም» አለ። «አልጋውን ላለመልቀቅ ነው የተኛሁ ያስመሰልኩት።»

ልጅቷ ሻንጣውን ከእጁ መነጨቀችው።

«ተይው ልጄ» አሉ አሮጊቷ። «ቢያንስ አላንኮራፋም።»

ኮረብታውን ወጣው። ልክ እንደ ፎቶግራፉ ነበር፤ ሣሩ፣ ጭጋጉ፣ ሁሉም። አናቱ ላይ ተቀምጦ የተረፈውን ብስኩት ከቦርሳው አወጣና ሳይቀምሰው መለሰው። ታች ሐዲዱ ይታያል። ነገ ማታ በዚያው ይመለሳል፤ የመመለሻ ትኬቱም የታችኛው አልጋ ነው። ገና ከአሁኑ ጆሮው የከዘራ ድምፅ ይጠብቅ ጀመር።